ባስኬትቦል ወይስ ዲግሪ? በአሜሪካ ልጅ ለሚያሳድጉ ቤተሰቦች የንጽጽር መመሪያ

ጥያቄው ቤት የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ዘጠነኛ ወይም አሥረኛ ክፍል ሲደርስ ነው። ቁመቱ ድንገት ይመዘዛል፣ የትምህርት ቤቱ ቡድን ይመርጠዋል፣ ከዚያ አንድ የኤኤዩ (ከትምህርት ቤት ውጭ የሚካሄድ የወጣት ቡድኖች ውድድር) አሰልጣኝ ደውሎ "ልጃችሁ ተስፋ አለው፤ ሰመሩን ሙሉ ከእኛ ጋር ይጓዝ" ይላል። አባት "መጀመሪያ ትምህርትህን!" ይላል። ልጁ ደግሞ ሕልሙ ሩቅ አይመስለውም። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚያድግ ልጅ የኤንቢኤ ኮከቡ ኬቨን ዱራንት ያደገበት ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ቅርብ ነው።

አባትም ልጅም የያዙት እውነት አለ። ሙግቱ የሚከርረው ሁለቱ መንገዶች ስንት ሰው እንደሚያሳልፉ፣ ስንት እንደሚከፍሉና በየትኛው ቀን እንደሚወሰኑ ሳይታወቅ ስለሚጀመር ነው። እኛ የምንመክረው ኳሱ የትምህርቱን ወጪ እንዲከፍል፣ ልጁ የሚማረውን የትምህርት ዘርፍ ግን እንዳይመርጥለት ነው። ምክንያቱን ከዚህ በታች በዝርዝር እናስረዳለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ስንት ወንበር አለ?

ብዙ ሰው ስለ ኳስ ሲያወራ ከደሞዝ ይጀምራል። መጀመር ያለበት ግን ከወንበር ብዛት ነው። ኤንቢኤ 30 ቡድኖች አሉት። እያንዳንዱ 15 መደበኛ ተጫዋቾችን ይይዛል፤ ይህ 450 ነው። ከ2023-24 የውድድር ዘመን ጀምሮ በየቡድኑ 3 የ"ቱ ዌይ" ኮንትራት (ተጫዋቹ በኤንቢኤና ከሥሩ ባለው ዝቅተኛ ሊግ፣ በጂ ሊግ፣ እየተመላለሰ የሚጫወትበት) ተፈቅዷል፤ እሱ ሲደመር 540 ይሆናል። ለዓለም ሕዝብ ሁሉ ያለው ይኸው ነው፤ በዚያ ላይ አንድ ጊዜ የተያዘ ወንበር ለዓመታት አይለቀቅም። በየዓመቱ አዲስ ሰው የሚገባበት ዋናው በር ድራፍቱ፣ ማለት ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ነው፤ ሁለት ዙር፣ 60 ምርጫ። አንዳንድ ቡድኖች በቅጣት ምርጫ ስለሚነጠቁ በ2024 የተመረጡት 58 ብቻ ነበሩ። ከእነሱም መካከል በቀጥታ ከአውሮፓ ክለቦች የመጡ ነበሩባቸው።

ወረፋው ውስጥ የቆመው ደግሞ በአሜሪካ ሃይስኩሎች ባስኬትቦል የሚጫወት ከ500,000 በላይ ወንድ ልጅ ነው። የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ ራሱ ባወጣው ስሌት ከእነዚህ ውስጥ ወደ 3.5 በመቶ ያህሉ በሦስቱም ዲቪዥኖች፣ ማለት ከአንድ (ከፍተኛው) እስከ ሦስት ባሉት የውድድር እርከኖች፣ በኮሌጅ ደረጃ ይጫወታሉ፤ ዲቪዥን አንድ የሚደርሱት 1 በመቶ ገደማ ናቸው። ለድራፍት ብቁ ከሚሆኑት የኮሌጅ ተጫዋቾች የሚመረጠው ደግሞ ወደ 1.2 በመቶ ነው። ነገሩን ወደ ሰፈር እናውርደው። በአንድ ካውንቲ ያሉ 20 ሃይስኩሎች እያንዳንዳቸው 15 ተጫዋች ቢኖራቸው 300 ልጅ ይሆናል። ከ300ው 10 ያህሉ ኮሌጅ ገብተው ይጫወታሉ፣ 3 ያህሉ ዲቪዥን አንድ ይደርሳሉ። ድራፍት ላይ ስሙ የሚጠራ ከዚያ ሁሉ ልጅ አንድም ላይኖር ይችላል፤ የዚያ ዓመት ብቻ ሳይሆን የሚቀጥሉት በርካታ ዓመታትም እንዲሁ።

ለሴት ልጆች በሩ ከዚህም ይጠብባል። በ2024 የሴቶቹ ሊግ የደብሊውኤንቢኤ ቡድን ቢበዛ 12 ተጫዋች ይይዝ ነበር፤ ቡድኖቹም 12 ነበሩ። በመጀመሪያ ተመርጣ የገባችው ኬትሊን ክላርክ እንኳ በዚያ ዓመት ከሊጉ ያገኘችው ደሞዝ 76,535 ዶላር ነበር። ሊጉ አዳዲስ ቡድኖች እየጨመረ ነው፤ በሴቶች በኩል ዛሬ ትልቁ ጥቅም ግን አሁንም የኮሌጅ ስኮላርሺፑ ነው።

አሁን ወደ ሌላው ወገን እንሂድ። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለሬጂስተርድ ነርስ ብቻ በየዓመቱ ወደ 190,000 የሚጠጋ ክፍት የሥራ ቦታ እንደሚኖር ይገምታል። ሆኖም ከቁጥሩ ይልቅ አመራረጡን ልብ በሉ። ኳስ ተጫዋች የሚመረጠው ከሌላው በልጦ ነው፤ ልጁ የቱንም ያህል ቢሻሻል ከእሱ የሚሻሉ 540 ሰዎች እስካሉ ድረስ ቦታ የለውም። ነርስ ግን የሚቀጠረው መስፈርቱን ሲያሟላ ነው። ዲግሪውን ጨርሶ ኤንክሌክስ የሚባለውን የነርስ ፈቃድ ፈተና ካለፈ፣ አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ ከእሱ የበለጠ ማምጣቱ ሥራውን አይነጥቀውም።

ከኤንቢኤ በታች ያለው ኑሮ

"ኤንቢኤ ባይሆን ሌላ ቦታ ይጫወታል" የሚለው ሐሳብ እውነትነት አለው። ሌላው ቦታ ምን እንደሚከፍል ግን ማወቅ ያስፈልጋል። በ2024-25 ለአዲስ ገቢ የኤንቢኤ ትንሹ ደሞዝ 1,157,153 ዶላር ነበር። የቱ ዌይ ኮንትራት የዚያው ግማሽ ነው፤ 578,577 ዶላር። ጂ ሊግ ላይ ሲወርድ ገንዘቡ በአንዴ ይወድቃል፤ በ2023-24 የተራ ተጫዋች ደሞዝ ለውድድር ዘመኑ በሙሉ 40,500 ዶላር ነበር፤ መኖሪያና የጤና ኢንሹራንስ ይጨመርበታል። ውድድሩ ዓመቱን ሙሉ ስለማይቆይ የቀረውን ወራት ሥልጠናውንም ኑሮውንም ከራሱ ኪስ ይሸፍናል።

በድራፍቱም ቢሆን የመጀመሪያው ዙርና የሁለተኛው ዙር ልዩነት ሰፊ ነው። በመጀመሪያው ዙር የተመረጠ ልጅ የሁለት ዓመት ክፍያ ዋስትና አለው፤ ሦስተኛውና አራተኛው ዓመት በቡድኑ ፈቃድ ነው። በሁለተኛው ዙር የተመረጠ እንዲህ ያለ የተደነገገ ዋስትና የለውም። የሊጉ ጡረታ የሚገኘው ደግሞ ሦስት ዓመት ካገለገሉ በኋላ ነው። ብዙዎቹ እዚያ ሳይደርሱ ይወጣሉ።

ውጭ አገር የመጫወቱ ነገር በሰፊው የሚወራውን ያህል አይገለጽም። ስፔን፣ ቱርክ፣ ጀርመን፣ እስራኤል፣ ቻይና ጥሩ የሚከፍሉ ክለቦች አሉ። አብዛኞቹ ሊጎች ግን አንድ ቡድን የሚያሰልፋቸውን የውጭ ዜጎች ቁጥር ይገድባሉ። ስለዚህ ክለቡ ለዚያች ጥቂት ቦታ የሚፈልገው ነጥብ የሚያስቆጥርለትን ምርጥ አሜሪካዊ ነው፤ መካከለኛ ተጫዋችማ ከአገሩ ልጆች ያገኛል። ፓስፖርት ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። እስራኤል ውስጥ ያደገ ቤተ እስራኤላዊ ልጅ በዚያ ሊግ እንደ አገሬው ሲቆጠር፣ የተሻለ የሚጫወት አሜሪካዊ በውጭ ዜጋ ኮታ ይወዳደራል።

ኮንትራቱ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 ወር ነው፤ አፓርታማ ይሰጣል፤ ኤጀንቱ በተለምዶ 10 በመቶ ኮሚሽን ያገኛል። የሚበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። ክለቡ ሁለት ወር ይከፍልና ሦስተኛውን ያዘገያል። ተጫዋቹ ጉልበቱን ሲጎዳ ኮንትራቱ ይፈርሳል። በዚህ ምክንያት ፊርማ ከመቀመጡ በፊት ሁለት ነገር መነበብ አለበት። አንደኛው ክርክር ቢነሳ ጉዳዩ በ2007 ወደተቋቋመው የፊባ (የዓለም አቀፉ ባስኬትቦል ፌዴሬሽን) የባስኬትቦል ግልግል ፍርድ ቤት እንደሚሄድ የሚናገር አንቀጽ ነው፤ እሱ ከሌለ ያልተከፈለ ደሞዝ ለመጠየቅ በክለቡ አገር ፍርድ ቤት መቆም ሊመጣ ነው። ሁለተኛው ጉዳት ሲደርስ ሕክምናውን ማን እንደሚከፍልና ደሞዙ ይቀጥል እንደሆነ የሚወስነው ነው።

ዕድል ቀንቶት ስምንት ዓመት የተጫወተ ሰው 30 ዓመቱ ላይ ሥራ ፍለጋ ይወጣል። ዲግሪ ካለው የሚጀምረው በ22 ዓመቱ ሊጀምር ከሚችለው ቦታ ነው። ከሌለው ደግሞ ከዚያም በታች ነው።

ዲግሪው ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም

ወላጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። "ዲግሪ ያለው ሥራ አያጣም" ማለት ዛሬ ልክ አይደለም። አማካዩ በእርግጥ የሚያበረታታ ነው። በ2024 ዕድሜያቸው 25 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት መካከል ባችለር ዲግሪ ያላቸው የሙሉ ጊዜ ሠራተኞች መካከለኛ የሳምንት ገቢ 1,543 ዶላር ሲሆን የሃይስኩል ዲፕሎማ ብቻ ያላቸው 930 ዶላር ነበር። ልዩነቱ በዓመት ወደ 32,000 ዶላር ይጠጋል። ሥራ አጥነቱም 2.5 በመቶ ለ4.2 በመቶ ነበር።

አዲስ ተመራቂዎች ላይ ግን ሥዕሉ ይለወጣል። የኒው ዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ዕድሜያቸው ከ22 እስከ 27 የሆኑ ተመራቂዎችን ለብቻ ይከታተላል። በ2025 መጀመሪያ ላይ ሥራ አጥነታቸው ከጠቅላላው ሠራተኛ በልጦ ወደ 6 በመቶ ተጠግቶ ነበር፤ ሥራ ካላቸውም 40 በመቶ ያህሉ የያዙት ዲግሪ የማይጠይቅ ሥራ ነው። ዘርፉ ደግሞ ወሳኝ ነው። ባንኩ ባወጣው የ2023 መረጃ የነርሲንግ ተመራቂዎች ሥራ አጥነት 1.4 በመቶ ነበር። ሁላችንም ልጆቻችንን ስንገፋበት የኖርነው ኮምፒውተር ሳይንስ 6.1 በመቶ፣ ኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ 7.5 በመቶ ነበር። ክሪሚናል ጀስቲስ ሥራ አጥነቱ ብዙ ባይሆንም አብዛኞቹ ተመራቂዎቹ ዲግሪ በማይጠይቅ ሥራ ላይ ናቸው።

ሁለተኛው አደጋ አለመጨረስ ነው። አራት ዓመት የሚፈጅ ኮሌጅ በሙሉ ጊዜ ከሚጀምሩት ውስጥ በስድስት ዓመት የሚጨርሱት ወደ 64 በመቶ ናቸው። ሦስት ዓመት ተምሮ ብድር ተሸክሞ ያቋረጠ ልጅ ከሁሉም የከፋ ቦታ ላይ ይወድቃል። በ2024 "ኮሌጅ ገብቶ ያልተመረቀ" ሰው የሳምንት ገቢ 1,020 ዶላር ነበር፤ ከሃይስኩል ዲፕሎማው የሚበልጠው በ90 ዶላር ነው።

ሦስተኛው ብድሩ ነው። ጥገኛ ተማሪ በራሱ ስም ከፌዴራል መንግሥት መበደር የሚችለው በመጀመሪያው ዓመት 5,500፣ በሁለተኛው 6,500፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 7,500 ዶላር ነው፤ ጠቅላላው ከ31,000 አይበልጥም። ከዚያ በላይ ሲፈለግ የሚቀርበው ፓረንት ፕላስ የሚባለው በእናት ወይም በአባት ስም የሚወሰድ ብድር ነው። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች በዓመት 20,000፣ በአንድ ልጅ በጠቅላላው 65,000 ዶላር ጣሪያ ተበጅቶለታል። ልጁ ቢመረቅም ባይመረቅም ዕዳው የወላጅ ነው፤ ወደ ልጁ አይዛወርም። ስለዚህ ሲወሰን የግል ኮሌጁን ስም ሳይሆን ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ) ከተሞላ በኋላ የሚመጣውን ደብዳቤ ተመልከቱ። ደብዳቤው ላይ የማይመለሰው ገንዘብ፣ ማለት ፔል ግራንት የሚባለው የፌዴራል መንግሥት ድጎማና የኮሌጁ ስኮላርሺፕ፣ ከብድር ጋር አብሮ ተደርድሮ ይመጣል፤ ለይታችሁ ደምሩት። የገቢ ችግር ላለበት ቤተሰብ እንደ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወይም ኖርዘርን ቨርጂኒያ ባሉ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ሁለት ዓመት ጀምሮ በዝውውር ስምምነት ወደ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መሄድ ዕዳውን በእጅጉ ይቀንሳል። ዲፕሎማው ላይ የሚጻፈው የመጨረሻው ዩኒቨርሲቲ ነው።

ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙበትና የሚጋጩበት

ዲቪዥን አንድ መግቢያ ያለው የትምህርት መስፈርት 16 ኮር ኮርሶች፣ ማለት ኤንሲኤኤ የሚቆጥራቸው ዋና ዋና ትምህርቶች፣ እና በእነሱ ብቻ የሚሰላ 2.3 ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ነው፤ ለዲቪዥን ሁለት 2.2። ከ16ቱ 10ሩ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት መጠናቀቅ አለባቸው፤ ከ10ሩም 7ቱ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ ወይም ሳይንስ መሆን አለባቸው። የእነዚህ ውጤት ከዚያ በኋላ ተቆልፎ ይቀራል፤ እንደገና ወስዶ ማሻሻል አይቻልም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ የሚደናገጡ ቤተሰቦች ጊዜው ያለፈባቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ከኢትዮጵያ በቅርቡ ለመጣ ልጅ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። እዚያ ዘጠነኛን ጀምሮ ወይም ጨርሶ መጥቶ እዚህ እንደገና ዘጠነኛ ክፍል ቢመደብ፣ ኤንሲኤኤ አራቱን ዓመት የሚቆጥረው ለመጀመሪያ ጊዜ ዘጠነኛን ከጀመረበት ቀን ነው። በቆጠራው አምስተኛ በሆነው ዓመት የወሰዳቸው ኮርሶች ላይታሰቡለት ይችላሉ። የአዲስ አበባውን ትራንስክሪፕት ኦርጅናሉን ከነትርጉሙ ለኤንሲኤኤ የብቁነት ማዕከል አስቀድማችሁ ላኩ። የጀማሪ ኢኤስኤል (እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚያስተምሩ) ክፍሎችም ብዙ ጊዜ እንደ ኮር ኮርስ አይቆጠሩም፤ ማዕከሉ ለየትምህርት ቤቱ ያጸደቀው ዝርዝር ስላለ ካውንስለሩን ጠይቃችሁ ዘጠነኛ ክፍል ላይ አነጻጽሩት። በኤፍ 1 (የተማሪ) ቪዛ ያለ ልጅ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ አትሌቶች በስማቸውና በምስላቸው ማግኘት የተፈቀደላቸውን ገንዘብ እንደ ዜጋው መቀበል አይችልም፤ እዚህ አገር ሆኖ ማስታወቂያ ቢሠራ የቪዛ ጥሰት ሊሆን ይችላል። ቪዛን የሚያውቅ ጠበቃ ሳይጠየቅ ምንም አይፈረም።

የዲቪዥን አንድ የወንዶች ቡድን አሰልጣኞች ልጁን በቀጥታ ማነጋገር የሚፈቀድላቸው አሥረኛ ክፍልን ከጨረሰ በኋላ ከጁን 15 ጀምሮ ነው። ይህ ለቤተሰብ ጥሩ መለኪያ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ባለው አንድ ዓመት ስልኩ ካልጮኸ የዲቪዥን አንድ ስኮላርሺፕ የመምጣቱ ዕድል ጠባብ ነው፤ የበለጠ ያጠበበውም የተጫዋቾች ዝውውር ነው። በ2025 ብቻ ከ2,000 በላይ ወንድ ተጫዋቾች ኮሌጅ ለመቀየር ተመዝግበዋል፤ አሰልጣኙ ደግሞ ከ18 ዓመት ልጅ ይልቅ የተፈተነውን የ22 ዓመት ሰው ይመርጣል።

የተጋበዘ ሁሉ ተፈልጎ አይደለም። "ወደ ካምፓችን እንጋብዝሃለን" የሚል ደብዳቤ ለመቶዎች የሚላክ የመመዝገቢያ ክፍያ መሰብሰቢያ ሊሆን ይችላል። "ፕሪፈርድ ዎክ ኦን" ማለት ቡድን ውስጥ ቦታ አለህ፣ ገንዘብ ግን የለም ማለት ነው። ዲቪዥን ሦስት ምንም የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም፤ አይቪ ሊግም እንዲሁ። ዲቪዥን ሁለት ለቡድኑ በሙሉ የ10 ስኮላርሺፕ ዋጋ አለው፤ ለብዙዎች እየተቆራረሰ ይታደላል። እውነተኛ ኦፈር (የስኮላርሺፕ ግብዣ) የሚባለው በጽሑፍ የመጣና የገንዘቡን መጠን የሚናገር ነው።

ኮሌጅ ከገቡ በኋላ ያለው ግጭት ብዙም አይነገርም። ደንቡ በውድድር ወቅት ልምምድን በሳምንት 20 ሰዓት ይገድባል፤ ጉዞ ግን አይቆጠርም፤ የጨዋታ ቀን የቱንም ያህል ቢረዝም 3 ሰዓት ተብሎ ይመዘገባል። ነርሲንግ ላይ ያለ ተማሪ ክሊኒካል ልምምዱን መቅረት አይችልም፤ የኬሚስትሪ ላብ ከሰዓት በኋላ ሲሆን ልምምዱም ያኔ ነው። በተጨማሪም ተጫዋቹ ከዲግሪው 40 በመቶውን በሁለተኛው ዓመት፣ 60ውን በሦስተኛው፣ 80ውን በአራተኛው ማጠናቀቅ አለበት። ሦስተኛ ዓመት ላይ ዘርፍ የቀየረ ልጅ ክሬዲቶቹ ስለማይቆጠሩለት ከጨዋታ ሊታገድ ይችላል። አማካሪዎች ተጫዋቾችን ወደ ቀላልና ሰዓቱ ወደሚመች ዘርፍ የሚገፉት በዚህ ነው። ሰመሩም በልምምድ ስለሚያዝ ኢንተርንሺፕ ይቀራል፤ አዲስ ተመራቂን የሚያስቀጥረው ደግሞ ዋናው እሱ ነው።

አብሮ ማስኬድ ግን ይቻላል። ማልኮም ብሮግደን በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ በእግር ጉዳት አንድ የውድድር ዘመን ቢያመልጠውም ባችለሩንም በፐብሊክ ፖሊሲ ማስተርሱንም ይዞ ወጣ፤ በ2016 በሁለተኛው ዙር 36ኛ ተመርጦ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሆነ። በተቃራኒው ሌኒ ኩክ ከሌብሮን ጄምስ ጋር ስሙ በአንድነት ይጠራ የነበረ ልጅ ነበር፤ በ2002 ኮሌጅ ሳይገባ ድራፍት ገብቶ የመረጠው ቡድን አልነበረም። ዛሬ ኮሌጅ ያለ ተጫዋች ድራፍቱን ሞክሮ፣ ከሊጉ ግምገማ ተቀብሎ፣ ሜይ መጨረሻ አካባቢ ካለው የኤንሲኤኤ ቀነ ገደብ በፊት ስሙን ማውጣት ይችላል። ግምገማው የመጀመሪያ ዙር ካላለ ተመልሶ አንድ ዓመት መማር ይሻላል እንላለን።

አሰልጣኙ ቤታችሁ መጥቶ ሳሎን ሲቀመጥ፣ ቡናው እስኪፈላ እነዚህን ጠይቁት። ስኮላርሺፑ ለአንድ ዓመት ነው ለአራት? ልጁ ቢጎዳ ይቀጥላል? እናንተ ብትለቁ የሚመጣው አሰልጣኝ ያከብረዋል? ኳሱ ሲያበቃ ቀሪውን ክሬዲት ማን ይከፍላል? መልሱ በኢሜይል እንዲላክላችሁ ጠይቁ። በመጨረሻ ባለፉት ሦስት ዓመታት ከቡድኑ የወጡት የአራተኛ ዓመት ተጫዋቾች በምን ዘርፍ እንደተመረቁና ዛሬ ምን ሥራ ላይ እንዳሉ ይንገራችሁ፤ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ደግሞ በስልክ አግኝታችሁ እንድታነጋግሩ ያገናኛችሁ።